ሁለት ጊዜ የተመለሰው ታይሰን

ደብዳቤው

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምጽፍልዎት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ17 ዓመት ልጄ ለትምህርት ቤት የበጎ ፈቃድ ሰዓት ብላ የውሻ መጠለያ ውስጥ መሥራት ጀመረች። ከ5 ሳምንት በፊት ታይሰን የሚባል፣ ፒትቡል የሚሉትን ጡንቻማ የውሻ ዘር የሚመስል የ3 ዓመት ውሻ ይዛ መጣች። “ፎስተር ነው እማ፣ የሚወስደው ሰው እስኪገኝ ብቻ” አለችኝ። ፈረምኩላት። ለካ ውሻው ሁለት ቤት ተወስዶ ሁለቴም ተመልሷል። ሲበላ ሰው በአጠገቡ ካለፈ ያጉረመርማል። መንገድ ላይ ሌላ ውሻ ካየ ገመዱን ሊበጥስ ይደርሳል። ወንድ ይፈራል፤ ኮፍያ ያደረገ ከሆነማ አይጣል ነው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ አጥንት ሊቀማው ሲል እጁን ያዝ አደረገው። ደም አልወጣም፣ ቀልቶ ግን ነበር። ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ ደክሞት ነው የሚገባው። “አንዴ በደንብ ቢገረፍ የቤቱ ጌታ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር” ይላል። አማቴ ደግሞ ውሻ ያለበት ቤት ጸሎት አያሳርግም ብለው ከክፍላቸው መውጣት ትተዋል። የ8 ዓመት ወንድ ልጅም አለኝ። ከ6 ሳምንት በኋላ መጠለያው ውሾቹን ለወሳጆች የሚያሳይበት ቀን አለው። ልጄ “ከመለስነው አለቀለት” እያለች ታለቅሳለች። ይህ ውሻ ይስተካከላል ወይስ ልመልሰው?

በውሻ ምክንያት ሰላም ያጣች እናት

መልስ

እህት ዓለም፣

አትመልሽው። ገና አትመልሽው ማለቴ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ውሻ 5 ሳምንት ምንም አይደለም። የመጠለያ ሰዎች “3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር” የሚሉት ነገር አላቸው። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውሻው የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት መልመድ ይጀምራል። ቤቴ ነው ለማለት 3 ወር ይፈጅበታል። የልምድ አባባል እንጂ ሕግ አይደለም። የናንተው ደግሞ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ነው። አንቺስ ብትሆኚ ሦስተኛው ቤት ስትገቢ ሻንጣሽን ቶሎ ትፈቺ ነበር?

ዛሬ ማታ ግን የሚለወጡ ነገሮች አሉ፣ እነሱ ቀጠሮ አይሰጣቸውም። ታይሰን ለብቻው፣ በር ተዘግቶበት ይብላ። ጨርሶ ከክፍሉ እስኪወጣ ድረስ ሳህኑን ማንም አይንካ። አጥንት የሚባል ነገር ከወለሉ ይጥፋ። የ8 ዓመቱ ልጅሽ ከውሻው ጋር ብቻውን አይሁን፤ አንቺ ሽንት ቤት ደርሰሽ እስክትመለሺ ላለችው ደቂቃ እንኳ። ወይ ውሻው ከበር ጀርባ ነው፣ ወይ ልጁ ካንቺ ጋር ነው። ሕፃናት እንዳይወጡ በር ላይ የሚተከለውን አጥር ግዢ፣ ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው። ቤቱን ሰላም የሚያደርገው ከሥልጠናው በፊት እሱ ነው።

እጁን ያዝ ማድረጉን ለመጠለያው ንገሪ። ይወስዱብኛል ብለሽ እንዳትደብቂ። ቆዳ የበሳ ቢሆን ኖሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ጉዳዩ ለጤና ቢሮ ይነገራል፣ ውሻውም 10 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል። ምክንያቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አገር ቤት ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቆዳ ከተበሳ ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ጋ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ አጥንቱ እንምጣ። እኔም ተነክሻለሁ፣ ያውም በገዛ ጥፋቴ። መጠለያ ውስጥ መርዳት የጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው “ውሻ ሲበላ ሳህኑን እየወሰድክ ብትመልስለት ይለምዳል” አለኝ። አንዲት ቡናማ ውሻ ላይ ሞከርኩት። ሦስት ጊዜ ዝም አለችኝ። ጎበዝ ሆንኩ ብዬ ኮራሁ። በአራተኛው ቀን አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ መሃል አገኘችኝ፣ ጠባሳው አሁንም አለ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ምን አስተማርኳት? የሰው እጅ ሲመጣ እራት እንደሚጠፋ ነው ያስተማርኳት። በደንብ ነው የተማረችው። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” የምንለው ለታማኝነቱ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ቃል በቃል እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ባለቤትሽም ሳያውቅ ያንኑ ትምህርት ነው የሰጠው። ቀምቶ ከማሸነፍ ይልቅ መለወጥ ይሻላል። አዲስ አበባ ስናድግ በየሰፈሩ “ልዋጭ! ልዋጭ!” እያለ የሚዞረውን ነጋዴ ታስታውሻለሽ? አሮጌ ሱሪ ሰጥተሽው አዲስ ሳህን ትቀበያለሽ፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ትገቢያለሽ። ከውሻ ጋር ያለው ጨዋታ ይኸው ነው። ታይሰን ካልሲ ይዟል እንበል። አትሩጪበት፣ አትጩኺበት። የተቀቀለ ዶሮ ቁራጭ አፍንጫው ሥር ወርውሪለት። ካልሲውን ለቆ ዶሮውን ሲያነሳ ሌላ ቁራጭ ትንሽ ራቅ አድርገሽ ጣይለት። ወደዚያ ሲሄድ ካልሲውን አንሺ። የሚቻል ከሆነ ካልሲውን መልሰሽ ስጪው፤ እብድ ትመስያለሽ፣ ግን ሰው መጣ ማለት ዕቃዬ ሄደ ማለት እንዳልሆነ በዚህ ይገባዋል።

ለሳህኑም ተመሳሳይ ነው፣ ግን ከሩቅ ተነሺ። ለብቻው መብላቱን ተረጋግቶ ከለመደ በኋላ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ቆመሽ፣ እሱ ሳይደነግጥ ቀና በሚልበት ርቀት፣ አንድ ቁራጭ ዶሮ ወደ ሳህኑ ወርውረሽ እለፊ። አትቁሚ፣ አታዋሪው። በቀጣዩ ምግብም እንዲሁ። ከሳምንት በኋላ እግርሽን ሲሰማ ጭራውን እየወዘወዘ ቀና ካለ አንድ እርምጃ ቅረቢ። ድርቅ ብሎ ከቆመ ወይም ፈጥኖ መዋጥ ከጀመረ ሁለት እርምጃ ተመለሺ። ይህን አንቺ ወይም ባለቤትሽ አድርጉት። ልጆቹ አይገቡበትም።

ዶሮውን ሽምብራ ሽምብራ አሳክለሽ ቁረጪው። ውሻ የቁራጩን ትልቅነት አይደለም፣ ስንት ጊዜ እንደመጣለት ነው የሚቆጥረው። ደግሞ ወጥ እንዳትሰጡት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምኑ ወጥ ነው? የበሰለ የዶሮ አጥንትም ስንጥር ስለሚሆን አንጀት ይበሳል። ዘቢብና ቸኮሌትም ክልክል ናቸው። “አገር ቤት ውሻ ትራፊ በልቶ ነው የሚያድገው” እንደምትይ አውቃለሁ። አዎ፣ ስንቱ እንደሞተ ግን ማን ቆጠረው?

ማጉረምረሙን በተመለከተ ለባለቤትሽ የምለው አለኝ፣ አንብቢለት። ወንድሜ፣ ሹፌር ነህ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራብህ መብራቱን በፕላስተር ሸፍነህ ትነዳለህ? የውሻ ማጉረምረም ያ መብራት ነው። ከማጉረምረሙ በፊትም ብዙ ይናገራል፤ ከንፈሩን ይልሳል፣ ሳይደክመው ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ የዓይኑን ነጭ ያሳይሃል፣ ድርቅ ይላል። ይህን ሁሉ ሳናይ ስናልፍ ነው የሚያጉረመርመው። ስላጉረመረመ ከተመታ ፍርሃቱ ባለበት ይቀራል፣ ማጉረምረሙን ብቻ ይተዋል። ከዚያ በኋላ ያለህ ውሻ ዝም ብሎ የሚናከስ ውሻ ነው። እንደዚያ ዓይነቱን ማንም መጠለያ ለማንም ቤተሰብ አይሰጥም። ስለዚህ ዱላው ጌታ አያደርግህም፣ ውሻውን ነው የሚያስገድልብህ።

“የቤቱ ጌታ” የሚለውም ነገር ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1947 ሩዶልፍ ሼንክል የሚባል ተመራማሪ ባዝል፣ ስዊዘርላንድ፣ መካነ እንስሳት ውስጥ አብረው የታጎሩ ተኩላዎችን አይቶ ስለ አለቅነት ጻፈ። ተኩላዎቹ እየተደባደቡ አለቃ ይለያሉ ተባለ። አሜሪካዊው ዴቪድ ሜችም በ1970 ያንን ሐሳብ በሰፊው አሰራጨው። በኋላ ግን ሜች ራሱ ካናዳ በረዶ ውስጥ ዱር ያሉትን ተኩላዎች ለዓመታት ሲከታተል ያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ የተኩላ መንጋ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አባት፣ እናትና ልጆቻቸው ናቸው። በ1999 የቀድሞውን አባባል የሚያርም ጽሑፍ አወጣ። ሳይንቲስቱ ቃሉን መልሶ ሲወስድ እኛ ግን ይኸው እስከዛሬ በቀበቶ እንሟገታለን። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 ባወጣው አቋም ውሻ በሽልማት ብቻ እንዲሠለጥን ነው የመከረው። በሚቆነጥጥና ኤሌክትሪክ በሚለቅ የአንገት ማሰሪያ ላይ ብር እንዳታወጡ።

“ይስተካከላል ወይ?” ብለሻል። ለዚህ ከናንተው ቨርጂኒያ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በ2007 ሰሪ ካውንቲ ውስጥ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ የማይክል ቪክ ንብረት በሆነ ቦታ፣ ለውሻ ድብድብ የሚያገለግሉ ወደ 50 የሚጠጉ ፒትቡሎች ተያዙ። ቪክ 23 ወር ተፈረደበት። ቀድሞ ቢሆን እንደዚህ ዓይነት ውሾች ያለ ጥያቄ ይገደሉ ነበር። ያኔም ይገደሉ ያሉ ብዙ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ግን አንድ በአንድ እንዲመረመሩ አደረገ። ከጠባዩ የተነሳ እንዲሞት የተወሰነበት አንድ ብቻ ነበር። የከበዱት 22ቱ ዩታ፣ ካናብ ወደሚገኘው ቤስት ፍሬንድስ መጠለያ ሄዱ። ሌሎቹ በየድርጅቱ ተከፋፈሉ፣ ብዙዎቹም ሰው ቤት ገብተው ኖሩ፣ ሶፋ ላይ ተኝተው አረጁ። እኔን የሚገርመኝ መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር ነው። ተናካሽ አውሬ ሲጠብቁ አብዛኞቹ ሰው ሲመጣ እንደ ቂጣ መሬት ላይ የሚለጠፉ ፈሪዎች ነበሩ። ያንቺም ታይሰን፣ ከጻፍሽልኝ ስረዳው፣ ስሙ ቦክሰኛ ይሁን እንጂ ፈሪ ነው። ቀድሞ የሚጮኸው ሳይደርሱበት ለማባረር ነው።

ሁሉም ውሻ ይድናል ግን አላልኩም። እሱን ወደኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጥርሱን የሚያመው፣ ጆሮው የቆሰለ ወይም ዳሌው የሚጠዘጥዘው ውሻ ሲነኩት ይቆጣል። አሞት ከሆነ ዶሮ ብቻ አያድነውም። ፍርሃቱ በጣም ከበረታም መድኃኒት አለ፣ ነውር አይደለም። ሐኪሙ ካለ አድምጪው።

መንገድ ላይ ስለሚያደርገው እንነጋገር። ፓቭሎቭን ትምህርት ቤት ተምረሽዋል። በ1904 ኖቤል የተሸለመው ሩሲያዊ፣ ምግብ የሚያመጣላቸውን ሰው ገና ሲያዩ ለሐጫቸው የሚዝረበረብ ውሾች የነበሩት። እኛም ያንኑ እንጠቀምበታለን። ሌላ ውሻ ሲታይ ዶሮ ይዘንባል፣ ውሻው ሲጠፋ ዶሮው ያቆማል። ይኸው ነው። ቅደም ተከተሉን ግን አትሳቺ። ታይሰን መጀመሪያ ውሻውን ይይ፣ ከዚያ ዶሮው ይምጣ። ዶሮውን ቀድመሽ ካወጣሽ፣ ዶሮ ማለት አደጋ እየመጣ ነው ማለት ይሆንበታል፣ ዶሮም መፍራት ይጀምራል። አይቼዋለሁ።

ሌላው ርቀት ነው። ሌላውን ውሻ እያየ አሁንም መብላት የሚችልበትን ቦታ ፈልጊ። የመንገዱ ማዶ ሊሆን ይችላል፣ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ሊሆንም ይችላል። ዶሮ ካልበላ በጣም ቀርባችኋል። መጮህ ከጀመረማ ትምህርት የለም፣ ዞር ብሎ መሄድ ብቻ ነው። የልጅሽን ጥድፊያ ስለምገምት ነው ይህን የምደጋግመው፤ “ቅርብ ወስጄ ላለማምደው” ትላለች። አይሆንም። ውሃ የሚፈራን ሰው ዓባይ ውስጥ ወርውሮ ዋና አይለማመድም። ሰው ካልነቃ በማለዳ፣ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ሰፊ መኪና ማቆሚያ ዳር ይዛው ትውጣ። ገመዱ ከአንገቱ ይልቅ ደረቱ ላይ በሚታሰረው ሃርነስ ይሁን፤ አንገቱን እያነቁ ሌላ ውሻ ማሳየት የባሰ ጥላቻ ነው የሚያስተምረው። ማታ እቤት ውስጥ ደግሞ “ዞር” ሲባል ከሷ ጋር ፊቱን አዙሮ መሮጥን እንደ ጨዋታ ይለማመድ፣ መንገድ ላይ ድንገት ሲመጣባችሁ ይጠቅማችኋል።

በነገራችን ላይ በየትኛው ቋንቋ ነው የምታወሩት? ይህ ቀልድ አይደለም። ታይሰንን የሚወስደው ሰው ምናልባት አማርኛ አያውቅም። “ና”፣ “ተቀመጥ” ሲባል የለመደ ውሻ አዲሱ ቤት ደንቆሮ ይመስላቸዋል። ትዕዛዙን በእንግሊዝኛ፣ ከሁሉ በላይ በእጅ ምልክት አስተምሩት። ፍቅሩን በአማርኛ ብታደርጉት ችግር የለውም።

አሁን ባለቤትሽ። ኮፍያውን በር ላይ ያውልቅ፣ ለጊዜው። ሲገባ ታይሰንን አይየው፣ አይጥራው፣ እጁንም አይዘርጋለት። አገር ቤት ውሻ ሲያስፈራን ምን እናደርግ ነበር? ጎንበስ። ድንጋይ ያነሳን መስሎት ይፈረጥጣል። እዚህ ድንጋይ ባይኖርም፣ ከላይ ሆኖ የሚጎነበስ ሰው ለፈሪ ውሻ ያው ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ሶፋው ላይ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጥ፣ ቴሌቪዥኑን ይይ፣ ትንሽ ዶሮ አጠገቡ ይኑር። ታይሰን ብቅ ሲል ዶሮውን ወደ ራሱ ሳይሆን ከውሻው ጀርባ ይወርውር። ይህ ለብዙ ሰው አይገባውም። ዶሮ በእጅ ይዘን “ና፣ ና” ስንል ውሻው ሆዱ እየገፋው፣ ልቡ ሳይፈልግ ይቀርባል። ዶሮው ሲያልቅ ራሱን እጃችን ሥር ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ነው ደንግጦ የሚናከሰው። ከጀርባው ከተወረወረ ግን ዶሮም አገኘ፣ ከሰውየውም ራቀ። ተመልሶ ሲመጣ በራሱ ፈቃድ ነው። በየማታው 5 ደቂቃ ይበቃል። ለደከመው ሰው ከዚህ የቀለለ የውሻ ሥልጠና የለም፣ ተኝቶም ይሠራል።

ኮፍያው በኋላ ይመለሳል። መጀመሪያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ዶሮ ዙሪያውን ይበተናል፣ ከዚያ እጅ ላይ፣ ከዚያ ጭንቅላት ላይ። ውሻ ዓለምን በደንብ የሚለምደው ከ3 እስከ 14 ሳምንት ዕድሜው አካባቢ ነው፤ ያኔ ያላየውን ነገር ሲያድግ ይጠራጠረዋል። ታይሰን በዚያ ዕድሜው ኮፍያ አላየም ይሆናል። ጋቢ ለብሶ የሚመጣ ሰውማ ለሱ የሰው ቅርጽ ራሱ የለውም።

እሑድ ቡና ይፈላል ብዬ ልገምት። አምስት እንግዳ፣ ሁለት ሕፃን፣ ነጠላ፣ የዕጣን ጭስ፣ ሳቅ፣ በር ከፈት ዘጋ። ለታይሰን እያንዳንዱ ብቻውን ቢመጣ ይቻል ይሆናል። ሲደራረብ ግን ቋቱ ይሞላል፣ በመጨረሻ ሲኒ ሲወድቅ ነው የሚፈነዳው። ሰውም “ያለ ምክንያት ዘለለ” ይላል። እሑድ እሑድ ኋላ ክፍል ይሁን፣ ሬዲዮ ይከፈትለት፣ የሚላስ ነገር ይሰጠው። እንግዳ ማየት ግዴታው አይደለም። በማግስቱም ለውጥ የሌለበት ጸጥ ያለ ቀን ስጡት።

አማትሽ። ሃይማኖት ላይ አልከራከርሽም፣ ከሳቸውም ጋር አትከራከሪ። ክፍላቸውና የሚጸልዩበት ቦታ የሳቸው ነው፤ አንደኛውን አጥር እዚያ በር ላይ ትከዪው፣ ታይሰን አንድም ቀን አያልፈውም በያቸው፣ ቃልሽንም ጠብቂ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ፈሪ ውሻ ከቤቱ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚወደው ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ምንም የማይፈልግበትን ሰው። ልጅሽ ልታቅፈው ትፈልጋለች፣ ባለቤትሽ ሊገራው ይፈልጋል፣ ትንሹ ሊጫወትበት ይፈልጋል፣ አንቺ ደህና ሆኖ እንዲሄድልሽ ትፈልጊያለሽ። እማማ ምንም አይፈልጉበትም። ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፣ አያፈጡበትም፣ አይጠሩትም። ከወንበራቸው ሳይነሱ አንዳንድ ቁራጭ ወርወር ቢያደርጉለት ጓደኛው የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። ካልፈለጉም ይቅር።

ስሙንም ለውጡት። ታይሰን ብሎ ፒትቡል የሚመስል ውሻ ማስተዋወቅ ወሳጁን ገና በር ላይ ማባረር ነው። ውሻ ስም በሳምንት ይለምዳል፣ ስሙ በተጠራ ቁጥር ዶሮ ከመጣለት። አገር ቤት ሰው በውሻው ስም ለጎረቤቱ መልእክት ይልክ ነበር፤ “መቻል” የሚባል ውሻ ያላየ ሰፈር የለም። እናንተ ቤት መቻል ይሁን፣ ማስታወቂያው ላይ ደግሞ ለፈረንጅ ምላስ የሚቀል አንድ ለስላሳ ስም ይውጣለት።

አሁን የ6 ሳምንቱ ነገር። ያ ቀን ለታይሰን አይደለም። ሃምሳ ውሻ የሚጮህበት፣ ሕፃናት የሚሯሯጡበት ድንኳን ውስጥ ወስዳችሁ አቁማችሁት የሠራችሁትን ሁሉ እንዳታጠፉት። ሰው ለብቻው ቀጠሮ ይዞ እናንተ ጋ ወይም ጸጥ ያለ ቦታ እንዲያየው ጠይቁ፤ ፎስተር ቤት ላለ ውሻ ይህን መጠየቅ ያለ ነው። እቤት መሆኑ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው። በ2019 የወጣ ጥናት በ5 የአሜሪካ መጠለያዎች ያሉ ውሾችን ለአንድ ሁለት ሌሊት ሰው ቤት ሲያሳድር የጭንቀት ሆርሞናቸው እንደወረደ፣ ሲመለሱ ግን ወደነበረበት እንደተመለሰ አሳይቷል። የመጠለያ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ሊያልፍ ይችላል። ሰው መጠለያ ውስጥ ያየው ታይሰንና ያንቺ ሳሎን ውስጥ ያለው ታይሰን አንድ ውሻ አይደሉም።

ለዚያች ቀጠሮ የሚጠቅም ሌላም አለ። በ2014 ፍሎሪዳ ውስጥ ሰዎች መጠለያ ሄደው ውሻ ሲመርጡ ምን እንደሚያሳምናቸው ተጠንቶ ነበር። አብዛኛው ሰው ከውሻው ጋር 8 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው። ውጤቱን የለወጡት ሁለት ነገሮች ብቻ ሆነው ተገኙ። ውሻው አጠገባቸው ሲተኛ ይወስዱታል፣ ለጨዋታ ሲጋብዙት ፊት ሲነሳቸው ይተዉታል። ስለዚህ ልጅሽ “ተቀመጥ፣ እጅ ስጥ” እያለች ጊዜ አታጥፋ። አንዲት ትንሽ ምንጣፍ ይኑራት። ታይሰን ምንጣፏ ላይ ሲተኛ ዶሮ፣ ቢቆይ ሌላ ዶሮ። ምንጣፏ አንድ ቀን ከአዲሱ ሰው ወንበር አጠገብ ትነጠፋለች። የሚወደውን አሻንጉሊትም ለይታ ትወቅ፣ ለዚያን ቀን ትደብቅለት።

በቅርጫት መልክ የተሠራውን የአፍ መሸፈኛም ያለማምዱት፣ ውስጡ ዶሮ እየጣላችሁ፣ መጀመሪያ ሳታስሩት። ሰው እንደ ቅጣት ያየዋል። ቀድሞ የለመደው ውሻ ግን ሐኪም ቤት ሲሄድ አይጨነቅም፣ ሐኪሙም አይፈራውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልጅሽ ደብተር ትያዝ። ምን አስደነገጠው፣ በስንት ሜትር፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ በስንት ደቂቃ ተረጋጋ። ሁለት ጊዜ የተመለሰው ለምን ይመስልሻል? እኔ የምጠረጥረው የወሰዱት ሰዎች አልተነገራቸውም ነበር። ወይ መጠለያው አያውቅም ነበር፣ ወይ “ፍቅር የሚፈልግ ቆንጆ ልጅ” ብለው ጽፈውለት ነበር። ማስታወቂያው ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ “ሲበላ ብቻውን መሆን ይፈልጋል። ትንንሽ ልጆች የሌሉበት፣ ሌላ ውሻ የሌለበት ቤት ይስማማዋል። አዲስ ወንድ ለመልመድ ሳምንታት ይፈጅበታል። ከለመደ በኋላ እግር ላይ አገጩን ጥሎ ይተኛል።” ይህን አንብበው መቶ ሰዎች ያልፋሉ። ይለፉ፣ አንድ ሰው ነው የምትፈልጉት። ያ ሰው ምናልባት ልጆቹ አድገው የወጡለት፣ ብቻውን የሚኖር፣ ማልዶ የሚራመድ ሰው ይሆናል፤ እሱ እያንዳንዱን መስመር አንብቦ ይመጣል።

ወደኋላ እመለስበታለሁ ያልኩት ይኸው። ሐኪም አይቶት፣ ይህን ሁሉ ሞክራችሁ፣ አሁንም ያለ ማስጠንቀቂያ የሚናከስ ከሆነ፣ ወይም ትንሹን ልጅሽን አፍጥጦ መከታተል ከጀመረ፣ ያን ቀን ለመጠለያው ደውዪ። 6 ሳምንት አትጠብቂ። ሕፃን የሌለበት ሌላ ፎስተር ቤት ፈልጉለት በያቸው። ልጅሽ ታለቅሳለች። አስቀምጠሽ እውነቱን ንገሪያት። ደብተሩ አብሮት ከሄደ ሥራዋ ከንቱ አልቀረም፤ ቀጣዩ ቤት ከዜሮ አይጀምርም። አንዳንድ ውሻ ደግሞ ባለሙያ ሁሉ ተረባርቦበት ሰው ቤት ሊኖር የማይችል ሆኖ ይገኛል። እሱን የሚወስነው የእንስሳት ሐኪምና የጠባይ ባለሙያ እንጂ የ17 ዓመት ልጅ መሆን የለባትም። ያንን ሸክም ከትከሻዋ አንሺላት።

ከጻፍሽልኝ ስነሳ ግን የናንተው እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። እጅ በአፉ ይዞ፣ ቆዳ ሳይበሳ የለቀቀ ውሻ መንጋጋውን ያውቅበታል፣ ራሱን ይገዛል።

ከወር በኋላ ጻፊልኝ፣ በተለይ ስለ እማማ። ዶሮ መወርወር ከጀመሩ ሰላምታዬን አቅርቢላቸው፤ ሲቀቅሉት ደግሞ እንደ ልማዳቸው ሽንኩርት ጣል እንዳያደርጉበት አደራ።